ነዳጅ ተዘግቶም የሚበር «እውነተኛ» ሲሙሌተር እየተሸጠ ነው፣ ተጠንቀቁ

ስታዲየም አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ የበረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ከነአውሮፕላኑ በ4,500 ብር ይጭናል። ሻጩ «ጉዳቱም ነዳጁም ልክ እንደ እውነተኛው ነው፣ ለፓይለት ትምህርት ያዘጋጃል» ይላል። ታናሽ ወንድሜ ይህን አምኖ ገዛ። ውሸት ነው። በጣም ያናደደኝ ብሩ አይደለም፣ አብራሪ የመሆን ህልም ያላቸውን ልጆች እየመረጡ መሸጣቸው ነው።

በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው አውሮፕላን ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ነው ተብሏል። እውነተኛው ሴስና በሁለቱም ክንፎቹ ውስጥ የነዳጅ ታንክ አለው፣ አብራሪው ከግራ፣ ከቀኝ ወይም ከሁለቱም የሚመርጥበት ቁልፍም አለ። ቁልፉን ወደ ቀኝ ብቻ አዞርኩት፣ የሁለቱም ታንክ ጌጅ እኩል ይወርዳል። ነዳጁን ጭራሽ ዘጋሁት፣ ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ መስራቱን ቀጠለ! በእውነተኛው መስመሩ ውስጥ የቀረችው ነዳጅ እንዳለቀች ሞተሩ ቀጥ ይላል። እዚህ ግን ነዳጅ የተባለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም።

ጉዳቱም ስዕል ነው። ክንፉን ከህንጻ ጋር አጋጨሁት፣ ግማሹ ተቆርጦ ይጨሳል፣ አውሮፕላኑ ግን ቀጥ ብሎ ይበራል። 172ኤስ በሚባለው የሴስና ሞዴል ላይ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ሙሉ በሙሉ መዘርጋት የሚፈቀደው እስከ 85 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ነው። በ140 ዘረጋሁት፣ ምንም አልሆነም።

ነዳጅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባህር ላይ የወደቀው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 767 ነዳጁ ነው ያለቀበት፣ 125 ሰው ሞቷል። ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ ኤሌክትሪኩና ሃይድሮሊኩም (መቆጣጠሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የፈሳሽ ግፊት) አብሮ ይዳከማል፣ ለአብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ የቀረላቸው በነፋስ የምትዞር ትንሽ ተርባይን የምትሰጠው ኃይል ነበር። ደህና ተደርጎ የተሰራ ሲሙሌተር አንዱ ብልሽት ሌላውን ሲያስከትል ያሳያል።

ሌላ መፈተኛ ከፈለጋችሁ ከቦሌ ተነሱ። ማረፊያው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሴስና እዚህ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚወስነውን መቆጣጠሪያ) እስከ ጫፍ ገፍቶ ከተነሳ ነዳጁ ለአየሩ ስለሚበዛበት ሞተሩ ጉልበት ያጣል። በሲሙሌተሩ ውስጥ ድብልቁን በራሱ የሚያስተካክለውን አውቶማቲክ ሚክስቸር አጥፉና ሞክሩት። የኛው ከባህር ዳርቻ እንደተነሳ አውሮፕላን ተፈትልኮ ወጣ።

ሱቁ «አንዴ ከተጫነ አይመለስም» ብሎናል። ውጭ ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ በስቲም (የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ) ይግዛላችሁ፣ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ብሩን መልሶ መጠየቅ ይቻላል። ከሱቅ ከሆነ ግን ነዳጁን እዚያው ሻጩ ፊት ዝጉት። ሞተሩ ካልጠፋ እንዳትከፍሉ።