ለቻይኖች የተሠራውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አፕ በአንድ ቃል ፈተንኩት

ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ፣ ከቻይንኛ ወደ አማርኛ ከአማርኛ ወደ ቻይንኛ ስመላለስ ነው የምውለው፣ መሀል ላይ ግን ሁሌ እንግሊዝኛ አለ ምክንያቱም ኮንትራቱም የባንክ ወረቀቱም በሱ ነው የሚመጣው። ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ ቻይኖች እንግሊዝኛ ሲማሩ የሚጠቀሙበት ነው፣ ሜኑው ራሱ ሙሉ ቻይንኛ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ወደ ታች ስለምወቅሰው ሃሃ።

አንድ መዝገበ ቃላት ጥሩ ይሁን አይሁን ለማወቅ ከባድ ቃል አትፈልጉበት፣ ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ነው መፈለግ። እኔ የፈተንኩት «ኢንተረስት» በሚለው ስም ነው፣ ምክንያት ነበረኝ። ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ቻይናዊት ጓደኛ አለችኝ፣ አንድ ቀን ከባንክ የመጣ ወረቀት ይዛ ፊቷ ጠቁሮ መጣችና «ባንኩ እኛ ላይ ፍላጎት የለውም ይላል እኮ» አለችኝ። ወረቀቱን ሳየው ስለ ከወለድ ነፃ አካውንት የሚያወራ ማስታወቂያ ነው! አልፈርድባትም፣ ቻይኖች ኢንተረስትን መጀመሪያ የሚይዙት «ሺንግቹ» ብለው ነው፣ የልብ ፍላጎት ማለት ነው፣ እኛም ቻይንኛ ስንማር ገና በኤችኤስኬ (የቻይንኛ ችሎታ ፈተና) ደረጃ 3 ላይ ያገኘነው ቃል ነው፣ እና እሷም «ኢንተረስት ፍሪ» የሚለውን አይታ ፍላጎት የለም ብላ ደመደመች።

አፑን ከፍቼ አሳየኋት። ቃሉን አራት ቦታ ከፍሎ ነው ያስቀመጠው፦ ሺንግቹ ፍላጎት፣ ሊሺ ወለድ፣ ሊዪ ጥቅም፣ ጉፈን ደግሞ ኩባንያ ውስጥ ያለህ ድርሻ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ እንግሊዝኛው አንድ ላይ የጨፈለቀውን እኛም ቻይኖችም ለየብቻ ቃል ሰጥተነዋል፣ የምንቆርጥበት ቦታ ራሱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ኮንትራት ላይ የሚመጣው «ኮንፍሊክት ኦፍ ኢንተረስት» በነሱ «ሊዪ ቾንግቱ» ነው፣ ቃል በቃል የጥቅም ግጭት፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ። ስንት ጊዜ በእንግሊዝኛው በኩል ዞሬ ተሰቃይቻለሁ!

ደሞ የቻይንኛውን ፊደል ስትነኩት አፈጣጠሩን ያሳያችኋል። ሊሺ የሚለው ውስጥ ያለው «ሺ» ላዩ አፍንጫ ሥሩ ልብ ነው፣ ትንፋሽ ማለት ነው፣ ግን «ዚሺ» በሚለው ቃል ውስጥ ልጅ፣ ዘር ማለትም ይሆናል። የኛ ወለድስ ከየት መጣ? ከመውለድ አይደል! ብር ብርን ሲወልድ ያየው ሐበሻ ብቻ አይደለም ማለት ነው። (እንግሊዝኛው ከላቲን ነው የመጣው፣ መሀል መሆን ከሚል፣ አራቱም ትርጉም ከዛ ነው የበቀለው፣ በመሀል የገባህበት ነገር ያገባሃል እንደማለት።)

የአጠቃቀም ማስታወሻው ነው አምስት ኮከብ የሚገባው። ወለድ ሲሆን «ኤስ» አይጨመርበትም ይላል፣ ጥቅም ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ይጨመራል፣ ይሄ ለቻይኖች ዓይነ ስውር ቦታ ነው ምክንያቱም ቋንቋቸው የዕቃ ስም ላይ እንደኛ «ኦች» የሚባል ነገር አይለጥፍም፣ አንድ መጽሐፍም አስር መጽሐፍም ያው መጽሐፍ ነው። ሌላው ከኋላው የሚመጣው «ኢን» ነው፣ እነሱ በራሳቸው «ድዌይ» (ወደ እንደማለት ነው) ምክንያት «ቱ» ይላሉ፣ እዚህ ጋ ሳቅኩባቸው ከዛ ትዝ ሲለኝ እኔም ለኳስ ፍላጎት አለኝ ለማለት «ፎር» እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ከ«ለ» የመጣ ነው። ለቻይና የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እኔንም ያዘኝ።

አሁን ወቀሳው። ምሳሌዎቹ ሁሉ የፈተና ናቸው፣ ጋኦካኦ (የቻይና ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ለሚፈተን የሃይስኩል ተማሪ ተብለው የተመረጡ፣ ተማሪው ሳይንስ ይወዳል፣ ተማሪው ሙዚቃ ይወዳል፣ በቃ። ጉፈን የሚለው ትርጉም ላይ ጭራሽ አንድም ምሳሌ የለም፣ እኔ ደግሞ በሥራዬ የሚያስፈልገኝ እሱ ነበር። ጽሑፍ አንስቶ የሚያነበው ካሜራው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ላይ ይዘባርቃል። ያለ ኔት እንዲሠራ ማውረድ ይቻላል ግን መክፈል አለባችሁ፣ ዱከም ደግሞ ኔት ሲጠፋ ታውቁታላችሁ።

ክፍያው የራሱ ጣጣ ነው፣ የቻይኖቹ የስልክ ክፍያ አሊፔይ ወይ ዊቻት ፔይ ከሌላችሁ አይቀበልም፣ የኛ ካርድ አይሠራም። ቻይንኛ ለማትችሉም አይሆንም፣ ቢያንስ ኤችኤስኬ 4 ካልደረሳችሁ ማስታወሻዎቹን አታነቧቸውም፣ ዋናው ሀብት ደግሞ እነሱ ናቸው። ለቻላችሁ ግን ከ5 አራት እሰጠዋለሁ፣ ምሳሌዎቹን ቢያስተካክሉ ሙሉ ነበር።

የአፑን የዓመት ክፍያ ያቺው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ናት በአሊፔይ የከፈለችልኝ፣ ብሩን ደሞዝ ስቀበል እሰጥሻለሁ ብዬ አስር ቀን ቆየሁባት። ስሰጣት ቆጠረችና አየችኝ፣ «ሊሺውስ?» አለች። ማኪያቶ ጋበዝኳት።