ጂኤስኤል፣ አይገን ወይስ ኤምኬኤል? ከፍጥነቱ በፊት ፈቃዱ

ለሲ ወይም ለሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም የስሌት ላይብረሪ (የተዘጋጁ የስሌት ፈንክሽኖች ስብስብ) የሚመርጥ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ፍጥነት ላይ ነው። ፍጥነት በኋላም ይስተካከላል፤ ፈቃዱ (ላይብረሪውን የመጠቀምና የማከፋፈል ደንቡ) የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ግን ያለቀ ኮድ እንደ አዲስ ይጻፋል።

ጂኤስኤል

እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረ፣ በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ነው፤ ስሙ የጂኤንዩ ሳይንቲፊክ ላይብረሪ ምህጻር ነው። ከ1000 በላይ ፈንክሽኖች አሉት፦ የቤሰል ፈንክሽን፣ ኢንተግራል፣ ዲፈረንሻል እኩልታ፣ የዘፈቀደ ቁጥር፣ ስታቲስቲክስ። በስፋት የሚወዳደረው ነጻ የሲ ላይብረሪ ማግኘት ይከብዳል።

ፈቃዱ ጂፒኤል 3 የተባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ ነው። ፕሮግራሙን በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ብቻ ከተጠቀሙበት ግዴታ የለብዎትም። የስሌቱ ውጤትም የራስዎ ነው። ሰርቨር ላይ አስቀምጠው ደንበኛ በኢንተርኔት ቢገለገልበትም ያው ነው። ግዴታው የሚመጣው ፕሮግራሙ ራሱ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ የመላው ፕሮግራም ምንጭ ኮድ በዚያው ፈቃድ ይገባዋል። መሸጥ ይቻላል፤ የገዛው ሰው ግን ኮዱን ቀይሮ መልሶ ቢያከፋፍል መከልከል አይቻልም። ላይብረሪውን በዳይናሚክ ሊንክ (ለብቻው ፋይል ሆኖ ፕሮግራሙ ሲነሳ በሚገናኝበት መንገድ) ማያያዝም፣ ፈቃዱን ባወጣው ድርጅት አተረጓጎም፣ ከዚህ አያድንም። ከፍሎ የተዘጋ ፈቃድ መግዛትም አይቻልም። በዚህ ኤፍኤፍቲደብልዩ የተባለው የፉሪየር ስሌት ላይብረሪ ይለያል፤ እሱም ጂፒኤል ቢሆንም ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ፈቃድ ይሸጥለታል።

አይገን

ለማትሪክስና ለቬክተር ብቻ የሚያገለግል የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ነው። ሄደር ፋይሎቹን (ኮዱ ውስጥ በስም የሚጠሩትን) መጨመር ይበቃል፣ ሊንክ የሚደረግ (ከፕሮግራሙ ጋር ለብቻው የሚያያዝ) ነገር የለም። ፈቃዱ ኤምፒኤል 2 የተባለው የሞዚላ ፈቃድ ነው፦ የአይገንን ፋይሎች ከቀየሩና ካከፋፈሉ የቀየሩትን ያጋራሉ፤ የራስዎ ኮድ ዝግ ሆኖ ይቆያል።

ኤምኬኤል

የኢንቴል የስሌት ላይብረሪ ነው። ኢንቴል ያለ ክፍያ ይሰጠዋል፤ ኮዱ ግን ክፍት አይደለም። ከምርትዎ ጋር ማከፋፈል ተፈቅዷል፣ ምንጭ ኮዱ ግን አይሰጥም፣ ፈትቶ መመርመርም ክልክል ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ እጅግ ፈጣን ነው፤ አርም በተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ አይሠራም። ለዚያ ኦፕንብላስ የተባለ የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪ አለ፤ ፈቃዱ ቢኤስዲ የተባለው የላላ ፈቃድ ስለሆነ የባለመብትነት ማስታወቂያውን ማያያዝ ይበቃል።

የትኛውን?

ለምርምርና ለማስተማር ጂኤስኤል። ኮዱ ዝግ ለሆነ የሚሸጥ ምርት አይገን፤ የቤሰልና መሰል ፈንክሽኖች ካስፈለጉ ቡስት ማዝ የተባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ይጨመርበት፣ ፈቃዱ ከሁሉም የላላ ነው።

ጂኤስኤልን የመረጠ ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠብቅ። አንደኛ፣ ከዋናው ላይብረሪ ጋር የሲብላስ ላይብረሪም (መሠረታዊ የማትሪክስ ስሌቶች ያሉበት) ሊንክ መደረግ አለበት፤ ከተረሳ ሊንከሩ (የሚያያይዘው ፕሮግራም) «ያልታወቀ ፈንክሽን» እያለ ይቆማል። አብሮ የሚመጣው ሲብላስ ለትልልቅ ማትሪክሶች ቀርፋፋ ስለሆነ በእሱ ቦታ ኦፕንብላስን ሊንክ ማድረግ ይሻላል፤ ኮዱ አይቀየርም። ሁለተኛ፣ ጂኤስኤል ስህተት ሲገጥመው ፕሮግራሙን ወዲያው ያቋርጠዋል። ሰርቨር ላይ ይህ ጉድ ነው፤ የስህተት ተቆጣጣሪውን መጀመሪያ ላይ አጥፍቶ የእያንዳንዱን ፈንክሽን መልስ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ምንም የስህተት መልእክት የለውም፦ ጂኤስኤል ማትሪክስን በረድፍ፣ አይገን ካልታዘዘ በዓምድ ያስቀምጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀም ሰው የሚሞክረው በሲሜትሪክ ማትሪክስ (ረድፍና ዓምዱ ቢቀያየርም በማይለወጥ) ብቻ ከሆነ ግልባጩን (ረድፍና ዓምዱ የተቀያየረውን) እንዳገኘ ሳያውቅ ያልፋል።