ከጸሎቴ ሳታጣላኝ ለረዳችኝ ሳይኮሎጂስት ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ፖስት እሷንም የንስሐ አባቴንም አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። ማመስገን የፈለግኩት አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ የምትሰራ አንዲት ሳይኮሎጂስት ነው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ፣ ምክንያቱም "ጎበዝ ናት ሂዱ" ብቻ ብዬ ብለቀው ለምን እንደምል አይገባችሁም። በተለይ ልጅነታቸው ላይ ከባድ ነገር ያለፈባቸውና ቤተክርስቲያን የሚያዘወትሩ፣ ቴራፒ ብሄድ እምነቴን ይነኩብኛል ብለው የሚፈሩ፣ ወይ ደግሞ ጸበል ተመላልሰው "ለምን አልዳንኩም፣ እምነት ጎድሎኝ ነው?" እያሉ ራሳቸውን ሚወቅሱ ሰዎች ያንብቡልኝ።

ያደግኩት ዘመድ ቤት ነው። ዝርዝሩን ሁሉ አልጽፍም፣ አንዱን ካልነገርኳችሁ ግን የቀረው አይገባም፣ እሱም በርበሬ መታጠን ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሰል ላይ በርበሬ ይነሰነስና ልጁን ጋቢ አከናንበው ጭሱ ላይ ይደፉታል፣ ጋቢውን ትልቅ ሰው ዳርና ዳሩን ይዞ ይጫነዋል፣ ዓይን ይቃጠላል ጉሮሮ ይዘጋል፣ መጮህ ራሱ አይቻልም ምክንያቱም ለመጮህ አየር መሳብ አለብሽ፣ የምትስቢው ደግሞ ያንኑ ጭስ ነው። እኛ ቤት ይሄ ለትልቅ ጥፋት ብቻ አልነበረም፣ ብርጭቆ ለሰበረም ከሱቅ ለዘገየም ነበር። ሰው ሲሰማ "እኛም ታጥነን ነው ያደግነው" ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ ይሁኑ ይላል፣ በር ተዘግቶ ጓዳ ውስጥ የሚሆነውን ግን ማን ያየዋል።

አድጌ ስራ ይዤ የራሴን ቤት ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ በኋላ ነው ነገሩ የባሰው። ቅዳሴ ላይ ቄሱ ጽናውን እያወዛወዙ ወደ ሕዝቡ ሲመጡ ደረቴ ይዘጋል እጄ ይደነዝዛል ላብ ያጠምቀኛል፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሰው እየገፋሁ እወጣለሁ። ቅዳሴ ደግሞ የምወደው ነገር ነው፣ በልጅነቴ ማንም የማይነካኝ ቦታ ቤተክርስቲያን ብቻ ነበር፣ ከዛ ቦታ መሸሼ ነው የገደለኝ። ሰዎች አይተው ዝም አላሉም፣ "ዕጣን ሚሸሽ መንፈስ ነው ያለባት" ተባለ፣ ጸበል ወሰዱኝ፣ እዛ የነበሩ አንድ አጥማቂ ይውጣ ብለው የዕጣን ጭስ ላይ አስጎንብሰው ያዙኝ። በደግ አስበው ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሰውነቴ ግን ያን ቀን የት እንዳለ አላወቀም፣ ጋቢው ስር ነበር። ጸበልን እየነቀፍኩ አይደለም ዛሬም እጠመቃለሁ፣ ይሄ ይሰመርልኝ። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ቦታ ካውንስሊንግ ሄጄ ባለሙያው "ለጊዜው ቤተክርስቲያን መሄዱን ብታቆሚስ፣ ችግሩን ሚቀሰቅሰው እሱ ነው" አለኝ። እነዛ መንፈስ ነው ይሉኛል እሱ ተዪው ይለኛል፣ እኔ መሃል ላይ ቆሜ ማንን ልስማ?

እሷ ጋ የሄድኩት ጓደኛዬ ጎትታኝ ነው። ታሪኬን ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ "የምትፈሪው ዕጣኑን ነው ወይስ ጭሱን?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያልተለኮሰ ዕጣን እኮ ቤቴ አለ፣ እወደዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ ምንም አልሆንም።

ከዛ በቀላል አማርኛ አስረዳችኝ። ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት በተለየ ፍርሃትና ትዝታ ወደሚያዙበት የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ አንቺ ገና ሳታስቢው ሰውነትሽ ደወሉን ይደውላል፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ነው፣ እብደትም አይደለም የእምነት ማነስም አይደለም አለችኝ። ለስንት ዓመት ጨጓራ እየተባልኩ መድኃኒት ስውጥ ስለኖርኩ ስለ ሆዴም ነገርኳት፣ እሷ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካይዘር ፐርማነንቴ በሚባል የሕክምና ድርጅት ከ17 ሺህ በላይ ሰው ስለተሳተፈበት ጥናት አወራችኝ፣ ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. መውጣት የጀመረ ነው፣ በልጅነት የደረሰ መከራ በበዛ ቁጥር አዋቂ ሲኮን የልብ በሽታውም ድብርቱም ሱሱም አብሮ እንደሚጨምር ያሳየ። ግን "ሆድሽ ከዚህ ነው" ብላ አልደመደመችም፣ ሐኪም ጋ ሂጂና ተመርመሪ እሱን አስቀድመን እናረጋግጥ ነው ያለችው፣ እንዲህ አይነት ጥንቃቄዋን በጣም ነው ምወድላት።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ልምጣ፣ ጸሎቴን እንዴት እንዳከበረችው። ፓኒኩ (ያ ድንገት የሚይዘኝ ፍርሃት) ሲመጣ ምን እንደማደርግ ስታስተምረኝ ትንፋሽ ማርዘም፣ እግሬን መሬት ላይ መጫን፣ ዙሪያዬን እያየሁ ያለውን ነገር መጥራት፣ እነዚህን አስለመደችኝ። አንድ ቀን መቁጠሪያዬን እጄ ላይ አይታ "በዚህ እንዴት ነው የምትጸልዪው አሳዪኝ" አለች። 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ስል ሰማችኝ፣ እየቸኮልኩ ነበር ሁሌም እንደምለው። "አሁን አንዱን ፍሬ ይዘሽ ትንፋሽሽ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ወደ ሚቀጥለው አትለፊ" አለችኝ። በቃ ሌላ አዲስ ነገር አልጨመረችም። እኔ ግን እዛው ወንበር ላይ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ፣ ጸሎቱም ጸሎት ሆነ ትንፋሹም ትንፋሽ ሆነ። ዛሬ ታክሲ ውስጥም ስራ ቦታም ማደርገው ይሄንኑ ነው።

ሌላው ስለ ንስሐ ነው። ለንስሐ አባቴ የምናዘዘው ሁሌ "ክፉ ልጅ ነበርኩ፣ አሳዳጊዎቼን አስቆጣ ነበር" እያልኩ ነው፣ እሳቸውም ዝርዝሩን ስለማያውቁ ይፈቱኛል በቃ። እሷ ይሄን ስትሰማ "የምትናዘዢው የማንን ኃጢአት ነው?" አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። ህጻን ልጅ ምታምነው ሰው ሲጎዳት እሱ ክፉ ነው ብላ ማሰብ አትችልም፣ ሌላ መሄጃ የላትማ፣ ስለዚህ ጥፋቱን ራሷ ላይ ታደርገዋለች፣ ይሄን በኋላ ነው ያስረዳችኝ። ቀጥሎ ግን ሊቅ ልሁን አላለችም፣ "ይሄን ለአባትሽ እንዳለ ንገሪያቸው፣ የኃጢአቱን ነገር እሳቸው ናቸው የሚያውቁት" ብላ ላከችኝ።

ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፣ ራሳቸውን ይዘው ቆዩና "ልጄ ይሄ ያንቺ አይደለም፣ ሁለተኛ እንዳትናዘዢው" አሉኝ። "እናት አባትህን አክብር" የሚለው ሲጨንቀኝ ኤፌሶን 6 ላይ ወረድ ብሎ አባቶች ሆይ ልጆቻችሁን አታስቆጧቸው እንደሚልም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ ያን ጥቅስ ቤታችን ውስጥ ያነበበው ሰው አልነበረም። ስለ ቴራፒው ስነግራቸው ደግሞ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሲራክ 38ን ገልጠው ሐኪሙን አክብር እሱንም እግዚአብሔር ነው የፈጠረው የሚለውን አነበቡልኝ፣ እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን እየተወ በነበረ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ማለታቸውንም አስታወሱኝ። ከዛ በኋላ በኔ ፈቃድ ሁለቱ በስልክ ተነጋገሩ። ስጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ራሴን የመሳት ያህል ከሰውነቴ እርቅ ነበር፣ እሷ ጹሚ አትጹሚ አላለችም፣ ለእሳቸው አስረዳች፣ እሳቸው የሰዓቱን ነገር አቀለሉልኝ፣ በምትኩ ዳዊት ጨመሩልኝ።

ዳዊቱ ራሱ መድኃኒት ሆነ። መዝሙር 26 ላይ "አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ" ይላል፣ ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ ግን አልፌው ነበር የምሄደው። እሷ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ እንዳነበው አድርጋ "ይሄን የዛኔዋ ልጅ ብትሰማው ምን ትላለች?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፣ እንባ ብቻ። አላቋረጠችኝም፣ ሶፍት አስጠግታ ጠበቀችኝ።

ጭሱን የለመድነው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ያልተለኮሰ ዕጣን በእጄ ይዤ ስለዛ ቤት ማውራት፣ ከዛ መስኮት ተከፍቶ እዛ ጥግ ትንሽ ማጨስ፣ በሩ አጠገቤ፣ በፈለግኩ ሰዓት እጄን ካነሳሁ ወዲያው ይጠፋል። ጋቢው ስር እጅ ማንሳት ሚባል ነገር አልነበረም እኮ፣ ልዩነቱ እዛ ጋ ነው። ከዛ ቤተክርስቲያን፣ መጀመሪያ ግቢው ዛፍ ስር፣ ቀጥሎ ደጀ ሰላሙ፣ ቀጥሎ በሴቶች በር በኩል ከግድግዳው ጋር ተጠግቼ። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሴ እጨርሳለሁ። ወጥቼ ተንፍሼ ምመለስበት ቀን አለ፣ ሕማማት ላይ ሰውም ጭሱም ስለሚበዛ ከብዶኝ ነበር፣ ግን እመለሳለሁ፣ ድሮ ወጣሁ ማለት ቤቴ ገባሁ ማለት ነበር።

ይቅርታን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ሚጎዳው። እሷም የንስሐ አባቴም "ይቅር በይና እረፊ" ብለው አላጣደፉኝም። ይቅር ለማለት መጀመሪያ ምን እንደተደረገብኝ ማወቅ ነበረብኝ፣ እየጸለይኩበት ነው፣ አሳዳጊዬን ግን ሄደሽ ካላቀፍሽ ያለኝ የለም። ይሄ ለኔ ትልቅ እረፍት ነው።

እንግዲህ መሄድ ለምትፈልጉ። ሰባኪ አይደለችም፣ አትጸልይላችሁም፣ መንፈስ ነው አይደለም ብላም አትፈርድም፣ ስራዋ ሳይኮሎጂ ነው፣ ተምራበታለች ፈቃድም አላት፣ ስትጠይቋት ሳትቆጣ ታሳያችኋለች (ማንም ጋ ስትሄዱ ጠይቁ፣ አትፈሩ)። እንቅልፍ ጨርሶ እምቢ ያለኝ ጊዜ መድኃኒት የእኔ ስራ አይደለም ብላ ሳይካትሪስት ጋ ልካኛለች። ኦርቶዶክስ ብቻ አይደለም ምታየው፣ ሙስሊም የስራ ባልደረባዬ ሄዳ ከሰላቷና ከዚክሯ ጋር እያያያዘች እንደምትሰራላት ነግራኛለች፣ ፕሮቴስታንትም እንደዛው። ክፍያው ቀላል ነው አልልም፣ ግን አቅም የሌለው ሰው ካስረዳት ታስተካክላለች፣ እኔ ራሴ ስራ በቀየርኩበት ሰሞን ቀንሳልኛለች። ቀጠሮዋ ስለሚሞላ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ዓረብ ሀገር ላላችሁ እህቶቼ በኦንላይንም ትሰራለች፣ በእረፍት ቀናችሁ ማታ ላይ ሰዓት ትፈልግላችኋለች። ራሴን ላጥፋ የሚል ሀሳብ ያለባችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሰው ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለው።

እህቴ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ዕጣኑን ከጭሱ ለይተሽ ስለጠየቅሽኝ፣ መቁጠሪያዬንም ስላላስቀመጥሽብኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ስሟ እዚህ እንዳይወጣ ስለጠየቀችኝ ቁጥሯን ለምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ለምን እንደፈለጋችሁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፣ "ቁጥሯን" ብቻ በሉኝ እልክላችኋለሁ። ማታ ማታ ነው የምመልሰው።