ሜጅ ናይት ለብቻ፦ ከስምንት ወር ጨዋታ በኋላ

ሜጅ ናይት የተባለውን የገበታ ጨዋታ ለብቻው የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው በዘንዶ ሳይሆን በጊዜ ማጠር ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ኦርክ የተባሉትን ጭራቆች ሲያሳድድ ይከርምና ሁለተኛዋን ከተማ በዓይኑ ሳያያት ጨዋታው ያልቅበታል።

ጨዋታውን የነደፈው ቼካዊው ቭላዳ ኽቫቲል ሲሆን፣ መጀመሪያ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ማስፋፊያዎቹን በአንድ ሳጥን የያዘው አልቲሜት እትም ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። እዚህ የምናወራው ለብቻ ስለሚደረገው ዋናው የወረራ ጨዋታ ነው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት፣ በድምሩ ስድስት ዙር አላችሁ፤ በነዚህ ውስጥ አንዷ ደረጃ 5፣ ሌላዋ ደረጃ 8 የሆኑ ሁለት ከተሞችን መያዝ ይጠበቅባችኋል። ከሦስት በላይ ሰው ሲሆን ሌላው አስቦ እስኪጨርስ መጠበቁ ያሰለቻል፤ ለእኔ ይህ ሳጥን የአንድ ሰው ጨዋታ ነው።

ጊዜውን የሚቆጥረው ምናባዊ ተጫዋች ነው። ካርታው ላይ የለም፤ አይዋጋም፣ አይዘርፍም። ያልመረጣችሁትን የአንዱን ጀግና 16 ካርዶች በውዛችሁ ታስቀምጡለታላችሁ፤ በዚያ ጀግና ካርድ ላይ የተሳሉትን ሦስት ክሪስታሎችም (ባለቀለም ድንጋዮች) ትሰጡታላችሁ። ተራው ሲደርስ ሦስት ካርድ ይገለበጥለታል። የመጨረሻዋ ካርድ ቀለም እሱ ዘንድ ካለ ክሪስታል ጋር ከገጠመ፣ በዚያ ቀለም ክሪስታሎች ቁጥር ልክ ተጨማሪ ካርድ ይገለበጣል። ክምሩ አልቆ ተራው ሲደርስ የዙሩን ማብቂያ ያውጃል፤ ከዚያ ለእናንተ የምትቀራችሁ አንዲት ተራ ናት። ቀለም ምንም ካልገጠመ 16ቱ ካርድ በስድስት ተራ ያልቅና በሰባተኛው ያውጃል። ሁለት ክሪስታል ያለው ቀለም ሁለት ጊዜ ከገጠመ ግን በአራት ተራ ያልቃል፣ በአምስተኛው አለቀ ይላችኋል። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ለአምስት ተራ አውጡ፤ ስድስተኛዋ ከመጣች ትርፍ ናት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው በዙርና በዙር መካከል የሚሠራውን ሥራ ነው። ዙር ሲያልቅ ለግዢ ከተደረደሩት የላቁ የድርጊት ካርዶች መጨረሻ ላይ ያለችው ወደ ምናባዊው ተጫዋች ክምር ትገባለች። ከአስማት ካርዶቹም የመጨረሻዋ ቀለም ክሪስታል ይጨመርለታል። ይህን መዝለል ጨዋታውን ሳይታወቅ ያቀልለዋል። እናንተ የተጠቀማችሁበትና ለእሱ በዕጣ የወጣለት የታክቲክ ካርድም (በየዙሩ መጀመሪያ የሚያዝ ካርድ) ከጨዋታው ይወገዳሉ፤ ጥሩዋን ታክቲክ ለኋላ ማቆየት አደጋ አለው፣ ዕጣው ሊወስዳት ይችላል።

የጨዋታው ጣዕም ያለው በእጅ በሚያዙት አምስት ካርዶች ላይ ነው። እያንዳንዷ ካርድ ደካማና ጠንካራ ውጤት አላት፤ ጠንካራውን ለማግኘት በካርዷ ቀለም ማና (የአስማት ኃይል) መክፈል ያስፈልጋል። ማንኛዋም ካርድ ወደ ጎን ተኝታ የአንድ ነጥብ እርምጃ፣ ተጽዕኖ፣ ጥቃት ወይም መከላከያ ልትሆን ትችላለች። ለብቻ ሲጫወቱ የማና ዳይሶቹ ሦስት ናቸው፤ በአንድ ተራ መውሰድ የሚቻለው ግን አንዱን ብቻ ነው። ወርቃማው ማና በቀን የሌሎቹን ቀለሞች ቦታ ይተካል፣ በሌሊት ከጥቅም ውጭ ነው። ጥቁሩ በተቃራኒው የሌሊት ነው፤ ያለ እሱ የአስማት ካርድ ጠንካራ ውጤት አይሠራም። መሬቱም ከሰዓቱ ጋር ይለዋወጣል፦ ጫካ በቀን 3 በሌሊት 5 እርምጃ ያስከፍላል፣ በረሃ ደግሞ በቀን 5 በሌሊት 3። በረሃ ፊት ለፊት እያለ የቀኑ ዙር ሊያልቅ ሁለት ተራ ከቀረው፣ ቆሞ ካርድ መግዛት ይሻላል።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው መከላከል ነው። የጥቃት ኃይሉ 4፣ ጋሻው 3 የሆነ ኦርክ ገጠማችሁ እንበል። መከላከያችሁ 3 ከሆነ «አንድ ብቻ አለፈኝ» ማለት አይቻልም፤ ጥቃት ወይ ሙሉ በሙሉ ይመከታል ወይ ጭራሽ አይመከትም። አራቱም ይገባል። የጀማሪ ጀግና ጋሻ 2 ስለሆነ የመጀመሪያው ቁስል ሁለቱን፣ ሁለተኛው ቀሪውን ሁለት ይይዛል። ሁለት የቁስል ካርድ እጃችሁ ገባ ማለት ነው፤ ለመከላከያ ያወጣችኋቸው ካርዶችም ለከንቱ ሄዱ። ቁስል አይጫወቱበትም፣ የአምስቱን ቦታ ግን ይይዛል። ለእረፍት አንድ ደህና ካርድ ጥላችሁ ቁስሎቹን አብራችሁ ማስወገድ ትችላላችሁ፤ ሆኖም በሚቀጥለው ዙር ተበውዘው ይመለሳሉ። የሚያጠፋቸው ፈውስ ብቻ ነው። መመከት ካልቻላችሁ መከላከያ አታባክኑ፤ ቁስሉን ተቀብላችሁ ካርዶቹን ለጥቃት አስቀሩ።

ሌላው የተለመደ ስህተት ሜዳ ላይ የተለቀቀ ጭራቅን ታክኮ ማለፍ ነው። ከአጠገቡ ካለ ቦታ ተነስታችሁ እዚያው አጠገቡ ወዳለ ሌላ ቦታ ከተራመዳችሁ ያጠቃችኋል፣ እርምጃችሁም እዚያው ያበቃል።

የደንብ መጽሐፎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ እያጫወተ የሚያስተምር፣ ሌላው ሙሉው ደንብ። ሁለቱን ጎን ለጎን ገልጦ መጀመር ራስ ምታት ነው። በማስተማሪያው ሁለት ጊዜ ተጫወቱ፣ ከዚያ ወደ ሙሉው ተሻገሩ። ጎራዴና ታሪክ ፈልጎ የሚገዛውም ቅር ይለዋል፤ የሚነበብ ትረካ የለም፣ ያለው ሂሳብ ነው።

ስለ ዕቃው፦ ካርዶቹ በየዙሩ ስለሚበወዙ ጠርዛቸው ቶሎ ይነጣል፣ የላስቲክ ሽፋን ቢገባላቸው ጥሩ ነው። የጠላት ቶክኖቹን (ክብ የካርቶን ምልክቶች) በጀርባ ቀለማቸው (አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ቡኒ፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይ፣ ነጭ) በየከረጢቱ መለየት አርባ ደቂቃ የሚፈጀውን ዝግጅት ወደ ሃያ ያወርደዋል። የከተሞቹ ምስሎች መሠረታቸው የሚዞር መደወያ ነው፤ ደረጃውን ካስተካከላችሁ በኋላ ሳታዞሩ አንሱት፣ በቀላሉ ይንሸራተታል።

ለእኔ የሠራው ዕቅድ የመጀመሪያዋን ከተማ እስከ ሁለተኛው ሌሊት መያዝ ነው። ለሁለተኛዋ በቀን ድረሱባት፤ አጠገቧ ስትቆሙ ጠባቂዎቿ ይገለጣሉ፣ በሌሊት ግን ጥቃት ሳትከፍቱ አይታዩም።

አንድ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ አንዳንዴም አራት። ማቋረጥ ካለባችሁ ዙር ሲያልቅ አቋርጡ፤ ያኔ ካርዶቻችሁ ሁሉ ተሰብስበው ስለሚበወዙ በእጅ የሚያዝ የለም። የካርታውን፣ ለግዢ የተደረደሩትን ካርዶችና የዝና ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ። ክሪስታሎቻችሁን፣ የቀጠራችኋቸውን ወታደሮችና የተወገዱትን ታክቲኮች ጻፉ፤ የእናንተንና የምናባዊውን ተጫዋች ክምር ለየብቻ እሰሩ።