«ሲስተሙ ራሱ ያውቀዋል» ለሚላችሁ ሰው ገንዘብ አትስጡ

ዛሬ እሑድ መጋቢት 6 ቀን 2018 ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃንም ሆነ በአካባቢው ለትንሽ ሥራችሁ ሲስተም ልታሠሩ ላሰባችሁ ሁሉ ነው። 81 ሺህ ብር ከፍያለሁ፤ ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን በስንት ልፋት ያገኘኋቸውን ቤተሰቦች ማስቀየሜ ነው።

እኔና አራት መምህራን ውጭ አገር ላሉ የወገን ልጆች ፊደልና ንባብ በኢንተርኔት እናስተምራለን። አብዛኞቹ ዋሽንግተን ናቸው፣ ጥቂቶቹ ፍራንክፈርት። ተማሪው ሲበዛ ደብተሩ አልበቃ አለኝና ቀጠሮ የሚይዝ ሲስተም ለማሠራት ሄድኩ። ሠሪዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፦ ፎቅ ላይ ባለ መስታወት በር ያለው ቢሮ፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ ለጠየቃችሁት ሁሉ «ችግር የለም»፣ ደረሰኝ ስትሉ «ይደርሳል»። በ90 ሺህ ተስማማን።

በታኅሣሥ ሠሪው ሲያስረክበኝ አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። «አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ፤ ያኔ እንዴት ይሆናል?» አልኩት። «ሲስተሙ ራሱ ያውቀዋል፣ እትዬ» አለኝ። ሞከርነው፣ ልክ ነበር። ዋሽንግተን ከረፋዱ 10፡00 ሲሆን እኛ ዘንድ ከምሽቱ 12 ሰዓት። እኔም አመንኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴት «እስቲ የሐምሌን ቀን አስገባና አሳየኝ» ማለት እንዴት አቃተኝ? ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ቢያመጣልኝ እኮ አሠራሩን አሳየኝ እላለሁ።

የካቲት 29፣ የመፃጉዕ ዕለት፣ አሜሪካ ሰዓቱን ቀየረ። እዚያ ሕጉ የታወቀ ነው፦ በእነሱ መጋቢት ወር ሁለተኛው እሑድ ወደፊት፣ በኅዳራቸው የመጀመሪያው እሑድ ወደኋላ። እኛ ዘንድ ምንም ስለማይቀየር የ8 ሰዓቱ ልዩነት በአንድ ሌሊት 7 ሆነ። ልጆቹ በ10፡00 ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ፤ በእኛ 11 ሰዓት ነበር። መምህራኑ ሲስተሙ እንደነገራቸው በ12 ሰዓት ሲገቡ አንድም ልጅ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ልጇን እያጣደፈች ያመጣች እናት በስልክ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ ጠዋት በዚያ ብርድ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ገባን። ኮምፒውተሩን ከፈተና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው» አለ። ኩዌሪ በሚሉት የእንግሊዝኛ ትእዛዝ መሐል ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ላይ የመደመር ምልክትና 8 ቁጥር ነበር። ሌላ ምንም የለም። ራሱ የሚያውቀው ሲስተም ማለት ያቺ 8 ነበረች! «አንተ ያውቀዋል አላልከኝም?» አልኩት። ሳቅ ብሎ አጠገቡ ያለችውን ልጅ አያት። «እትዬ፣ ይሄ ቴክኒካል ነው፣ እርስዎ አይገባዎትም» አለና 8ቱን አጥፍቶ 7 ጻፈ። «ለጀርመንም አብረን እናስተካክለው» ብሎ 2ቱን 1 አደረገ። ከዚያ ለማሻሻያ 6 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ከፈልኩ። ልጆቹ ዳግም እንዳይጉላሉ ብዬ ከፈልኩ።

ጀርመን ግን ገና አልቀየረም። አውሮፓ የሚቀይረው በእነሱ መጋቢት የመጨረሻው እሑድ ነው፤ ዘንድሮ መጋቢት 20። ትናንት ቅዳሜ የፍራንክፈርቱ መምህር ከአንድ ሰዓት በፊት ገብቶ፣ ጠብቆ ጠብቆ፣ ልጆቹ ቀሩ ብሎ ወጣ። እነሱ በሰዓታቸው ሲገቡ እሱ የለም። ይህም አልበቃ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለሚያስተምሩ ጭማሪ እከፍላለሁ፣ አሁን የታኅሣሥና የጥር ወር ትምህርት ሁሉ በሪፖርቱ 11 ሰዓት ሆኖ ይታያል። ያለፈውንም ጭምር ነው ያበላሸው።

ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ፣ ላይ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ ከፍቶ አየውና ራሱን ያዘ። ቁጥር አይደመርም አለኝ፤ የሰዓት ቀጠናው ስም ነው የሚሰጠው፦ ለዋሽንግተን አሜሪካ/ኒውዮርክ፣ ለፍራንክፈርት አውሮፓ/በርሊን። ዳታቤዙ የየቦታውን የሰዓት ሕግ ከነታሪኩ ይዞ ለዋሽንግተን የጥር ቀን 8፣ ለሐምሌው 7 ያወጣል። የእኛው ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ነው፤ በስም ሲጠይቀው ባዶ መለሰለት፣ የሰዓት ቀጠና ሰንጠረዦቹ ጨርሶ አልተጫኑም። መጫኑ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለደቂቃዎች ሥራ ሰንፎ 8 ቁጥር ሸጠልኝ።

የምታሠሩ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጥርና የሐምሌ ቀን አስገብታችሁ አነጻጽሩ። ከቻላችሁ አሪዞናን ጨምሩ፤ ፊኒክስ ሰዓት አይቀይርም። ለመጪ ቀጠሮ የልጁ የራሱ ሰዓትና የቀጠናው ስም ይቀመጥ፣ ያለፈው ደግሞ ዩቲሲ በሚባለው የዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት። ውሉ ላይም ይጻፍ።

እኔ ወደ ደብተሬ ተመልሻለሁ። መጋቢት 20 ጀርመን ሲቀይር ያቺ የጻፋት 1 እንዲሁ በአጋጣሚ ልክ ትሆናለች፣ እስከ ጥቅምት። ያን ቀን «ይኸው ሠራ» ብሎ ቀሪውን 15 ሺህ ሊጠይቀኝ እንደሚደውል አውቃለሁ። አልከፍለውም።