ስምንት ወር ከፓይዶክ ጋር

ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ዶክዩሜንቴሽን (የቋንቋውን ማብራሪያ) የሚያነበው ኔትወርክ ሲፈቅድለት ነው። እኔም ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የበቆሎና የበርበሬ ርክክብ መዝገብ የሚያጠራ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) እየጻፍኩ፣ ለአንዲት ፋንክሽን (በስሟ ስትጠራ አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ) ማብራሪያ ካርድ ስሞላ ኖሬያለሁ። ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር የመጣ ጓደኛዬ፣ ገጹ አልከፈት ብሎኝ ስነጫነጭ አየኝና «ምን ያንጨረጭርሃል፣ እሱ እኮ እዚሁ ማሽንህ ውስጥ አለ» ብሎ ትእዛዝ የሚተየብበትን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ከፈተው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ፓይዶክ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ የኮማንድ ላይን መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ፓይተን 2.1 ጀምሮ አለ። የእኔ ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ስሙ ፓይዶክ3 ነው። የሞጁሉን (ፋንክሽኖች የተሰበሰቡበትን ፋይል) ወይም የፋንክሽኑን ስም ታስከትልለታለህ፣ ማብራሪያው እዚያው ይዘረጋል። በስላሽ ይፈለጋል፣ በኪው ይወጣል። ጓደኛዬ ይህችን የኪው ነገር ሳይነግረኝ ስለሄደ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በወጣሁ ቁጥር ተርሚናሉን እየዘጋሁ ነበር።

ጥቅሙ የገባኝ ጽሑፍን በሚቆራርጠው ፋንክሽን፣ በስፕሊት ነው። ከድሮ መዝገብ የተገለበጡ የገበሬ ስሞች ነበሩን። የተየቧቸው ሰው የቀድሞ ጸሐፊ ስለሆኑ ቃል ከቃል የሚለዩት ቦታ በመተው ሳይሆን በሁለት ነጥብ ነው። ስክሪፕቴ ታዲያ የሰውየውን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ለጥፎ አንድ ቃል ያደርጋቸዋል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን ታገልኩ። በኋላ ፓይዶክ3፣ ኤስቲአር ነጥብ ስፕሊት (pydoc3 str.split) ብዬ ሳነብ፣ መለያ ካልተሰጠው የሚቆርጠው ባዶ ቦታ ላይ ብቻ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። የእኛ ሁለት ነጥብ ደግሞ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት በዩኒኮድ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም። «፡»ን መለያ አድርጌ ሰጠሁት፣ አለቀ። ድረ ገጹም ይህንኑ ይል ነበር፤ ግን ገጹን መክፈት ዳገት ስለሚሆንብኝ የማውቃት የምትመስለኝን ፋንክሽን ማብራሪያ አንብቤ አላውቅም ነበር። አሁን አነባለሁ።

ሌላው ያላሰብኩት ጥቅም ከቨርዥን ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ቦታ ያገኘሁት ምሳሌ ኢተርቱልስ በሚባል ሞጁል ውስጥ ባችድ የሚባል ፋንክሽን ይጠራል፤ እኔ ጋ አልሠራ አለ። ፓይዶክን ስጠይቀው እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም አለኝ። ባችድ የገባው በፓይተን 3.12 ነው፣ የእኔ 3.10። ስም ተሳስቼ ይሆን እያልኩ ከማደር ዳንኩ።

ወደ ቀን ስንመጣ ግን ያናድዳል። ዴትታይም በሚባለው የቀን ሞጁል ውስጥ ያለውን፣ ጽሑፍን ወደ ቀን የሚለውጠውን ስትርፒታይም ብትጠይቀው አንዲት መስመር ጣል ያደርግልሃል፤ እሷም የታይም ሞጁሉን አቻ ይመስላል ከማለት አታልፍም። ዓመትና ወር በየትኛው ፊደል እንደሚጻፉ ለማየት ዞረህ ታይም ሞጁልን መጠየቅ አለብህ፤ ዋና ዋናዎቹ የተዘረዘሩት እዚያ ነው። ጳጉሜንን እንኳ ተዋት፣ ለዴትታይም 13ኛ ወር ብለህ ብትሰጠው ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ይጥልሃል። ይሄኛው የፓይዶክ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን መዝገባችን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ ሳላነሳው ማለፍ አልቻልኩም።

በሰረዝ ኬ ቃል ሰጥቶ ሞጁል ማስፈለግም ይቻላል። ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፔ ላይ እስኪጨርስ ቡና ይፈላል። የሚያየውም የየሞጁሉን የአንድ መስመር መግለጫ ብቻ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ዋናው ቅሬታዬ ጥር ላይ የደረሰብኝ ነው። ፓይዶክ ማብራሪያውን የሚያወጣው ሞጁሉን ኢምፖርት አድርጎ (ጭኖ) ነው፤ ኢምፖርት ሲደረግ ደግሞ ፋይሉ ላይ ከፋንክሽን ውጭ ሜዳውን የተቀመጠ ኮድ ሁሉ ይሮጣል። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ አላነበብኩም። የቀኑን ርክክብ ማታ ማታ ወደ ማኅደር አዛውሮ የሥራ ፎልደሩን ባዶ የሚያደርግ ስክሪፕት ነበረኝ። አንዱን ፋንክሽን ምን ብዬ እንዳብራራሁት ለማየት የስክሪፕቱን ስም ለፓይዶክ ሰጠሁት። ማብራሪያው ወጣ፣ ፎልደሩም ተራገፈ። ገና አምስት ሰዓት ነው፤ መዝገብ ያዟ እየተየቡ ነበር። «የኔ ልጅ፣ የጠዋቱን የት አደረስከው?» አሉኝ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። ፋይሉን ከማኅደር መለስኩት፤ በመሃል የተየቧቸው ሰባት መስመሮች ግን ቀሩ፣ ደግመው ጻፏቸው። ከዚያ ወዲህ የሚሮጠውን ኮድ ሁሉ፣ ፋይሉ ራሱ ሲሮጥ እንጂ ኢምፖርት ሲደረግ በማይሠራው በኢፍ ኔም ሜይን ሥር ሳላስገባ ፋይል አልዘጋም።

አሁን አሁን ደግሞ የራሴን ፋንክሽኖች ማብራሪያ በአማርኛ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ፓይዶክ ያለ ምንም ማንገራገር ያወጣዋል። ማብራሪያ ሳልጽፍ ባለፍኩበት ከፋንክሽኑ በላይ ያለውን ኮሜንት (ማስታወሻ) አንስቶ ያሳያል። የእኔ ተርሚናል ላይ ፊደሎቹ ስለሚጨናነቁ ግን በሰረዝ ቢ ብሮውዘር ላይ እከፍተዋለሁ፤ ሰርቨሩ ላፕቶፑ ራሱ ስለሆነ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ፓንዳስን (የሠንጠረዥ መረጃ ማቀናበሪያ) የመሰለ ግዙፍ ነገር ሲሆን አሁንም ድረ ገጹ ይሻላል፤ ተርሚናል ላይ ሲፈስ መጨረሻው አይታይም። ለቀረው ፓይዶክ ይበቃኛል። በሰረዝ ኤን አድራሻ ከተሰጠው ለጎረቤት ማሽንም ያካፍላል። መብራት በጠፋ ምሽት የስልኬን ሆትስፖት ያለ ዳታ ከፍቼ፣ ኮድ የሚማረው የአክስቴ ልጅ በስልኩ ከላፕቶፔ ላይ ያነባል። እሱ የሚወደው ቪዲዮ ነው፤ ኔትወርክ የመጣ ዕለት ጥሎኝ ይሄዳል።