የኋላ መቀመጫ፣ የፊት መቀመጫ ወይስ ተጎታች? ልጅ ይዞ ሳይክል ለመንዳት የቱን ልግዛ ለምትሉኝ

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሳይክሌ አጠገብ የምትጠብቀኝ እናት አትጠፋም። «ስንት ገዛሽው? ልጅቷስ አትወድቅም?» በሳምንቱ ሌላዋ ትመጣለች፤ ጥያቄው ያው ነው። ባሕር ዳር ያሉት እህቶቼም በቴሌግራም ይኸንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ልጃችሁ አንድ ከሆነ፣ ያለ ድጋፍ በደንብ መቀመጥ ከቻለና ዘጠኝ ኪሎ ከሞላ፣ አዲስ የኋላ መቀመጫ ግዙ። ከኮርቻው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ብረት ላይ የሚታሰረውን ዓይነት። ከታወቀ ፋብሪካ ከሆነ ከ120 እስከ 150 ዩሮ አካባቢ ነው። እኔ እዚህ ውሳኔ ላይ የደረስኩት 155 ዩሮ ከከሰርኩ በኋላ ነው።

የጀመርኩት በተጎታች፣ ማለትም ልጅ ተቀምጦበት ሳይክሉ ከኋላው በሚጎትተው ጋሪ ነበር። አዲስ ጥሩ ተጎታች፣ ቱሌ ወይም ክሮዘር የሚባሉት፣ ብዙ ጊዜ ከ700 ዩሮ በላይ ነው፤ 1,000ም ያልፋል። እኔ ያ ገንዘብ አልነበረኝም። ኢንተርኔት ላይ ያገለገለ በ90 ዩሮ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ቤት ሳደርሰው አንዱ ጎማ ተሰነጣጥቋል፤ ሁለቱም ካላማዳሪዎች አየር አይዙም። ለእነሱ 35 ዩሮ። የዝናብ መሸፈኛው ዚፑ የለም፤ ሌላ 30 ዩሮ። ይሁን ብዬ መንዳት ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ማይን ወንዝ ዳር ከድልድይ ስወርድ ከኋላዬ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ተጎታቹ የለም። ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቆሟል። ልጄ ውስጡ ተኝታለች። እጄ እየተንቀጠቀጠ ማያያዣውን አየሁት። የቀድሞው ባለቤት በፒኑ ፋንታ የቤት ሚስማር አጥፎ ነው የሰካበት። ማያያዣው ራሱም ፎርጅድ ነበር፤ ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል። ፒኑ ቢወልቅ እንኳ ተጎታቹን ከሳይክሉ ጋር የሚይዘው የጥንቃቄ ቀበቶ ጭራሽ አልነበረውም። እኔ ደግሞ ስገዛ ጨርቁንና ቀለሙን እንጂ ያንን አላየሁም። ለኦሪጅናሉ ማያያዣ 40 ዩሮ ተጨመረ። ድምሩ 195። ከዚያ በኋላ ግን ልጄን ባስቀመጥኩበት ቁጥር ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። አስተካክዬ፣ ሁሉንም ነግሬው፣ ለአንድ አባት በ40 ሸጥኩት። 155 ዩሮ በዚያ ሄደ። በዚያ ገንዘብ አዲስ መቀመጫ ገዝቼ ሳንቲም ይተርፈኝ ነበር።

ለተጎታች እውነቱን መመስከር አለብኝ። ጥሩው ተጎታች ከመቀመጫ የሚበልጥበት ነገር አለ። ልጁ መሬት አጠገብ፣ በብረት ቅርጫት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሳይክሉ ቢወድቅ ማያያዣው ስለሚዞር ተጎታቹ አይገለበጥም። ሁለት ልጅ ካላችሁ፣ ምድር ቤት ማስቀመጫ ካላችሁ፣ ብሩም ካለ፣ ግዙት። እኔ ግን አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ሊፍት የለንም። ልጅ፣ አስቤዛና ተጎታች ይዞ ደረጃ መውጣት አይቻልም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ማያያዣውን፣ ፒኑንና ቀበቶውን ሳታዩ አትክፈሉ።

የፊት መቀመጫ ደስ ይላል። ልጁ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ እያወራችሁ ትሄዳላችሁ። ግን አብዛኛው የሚሸከመው እስከ 15 ኪሎ ነው። ልጅ ሦስት ዓመት አካባቢ ያልፈዋል። ከ70 እስከ 110 ዩሮ ከፍሎ ሁለት ዓመት እንኳ ላለመጠቀም ይከብደኛል። መሪው ይከብዳል፣ ጉልበት ይመታል፣ ነፋሱን የሚቀበለውም ሕፃኑ ነው። የኋላው እስከ 22 ኪሎ ይይዛል፤ ያ ማለት እስከ አምስት ዓመት ግድም ነው።

ልጆች ፊቱ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚቀመጡበትን ባለ ሳጥን ሳይክል የምትጠይቁኝም አላችሁ። ባለ ሞተሩ 5,000 ዩሮ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፤ ለእኔ ከአቅም በላይ ነው። ውድ መሆኑ ደግሞ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በፈረንጆቹ የካቲት 2024 የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባቦ የተባለው ፋብሪካ ሽያጭ እንዲያቆም ያዘዘው የሳይክሎቹ ብረት ሊሰበር ስለሚችል ነው።

ወደ ኋላ መቀመጫው ልመለስ። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የኋላ መጫኛው ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ሌላው ከኮርቻው በሚወርደው ብረት ላይ በሁለት ዘንግ የሚንጠለጠል ነው። ብዙ መጫኛ የሚችለው 25 ኪሎ ነው። 22 ኪሎ ልጅ ላይ አራት ተኩል ኪሎ መቀመጫ ስትጨምሩ አልፏል። የሚንጠለጠለው ግን እንደ ስፕሪንግ ስለሚለጠጥ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ የልጄ ጭንቅላት አይናጥም። አንድ ተጨማሪ ማሠሪያ በ30 ዩሮ ገደማ ገዝተን በባለቤቴ ሳይክል ላይ አስረነዋል። ጠዋት እሱ ያደርሳታል፣ ማታ እኔ አመጣታለሁ፤ መቀመጫው አንድ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ስሙ የማይታወቅ መቀመጫ በ35 ዩሮ አዛ ነበር። አብረን ከካርቶኑ አወጣነው። ቀበቶው «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፤ ሳብ ሳደርገው ተከፈተ። ሦስቴ ሞከርኩት፣ ሦስቴም ተከፈተ። «ኢኤን 14344» የሚለው የአውሮፓ ደረጃ ምልክት የትም የለበትም። እግር የሚገባበት ፕላስቲክ ደግሞ አጭር ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ጫማ ይወጣል። ያንኑ ቀን መለሰችው።

እግር ላይ አልደራደርም። ልጅ ሆነን ባሕር ዳር አባቴ የኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። የአክስቴ ልጅም እንደዚያው ሲሄድ እግሩ የጎማው ራጂ ውስጥ ገባ። የተረከዙ ቆዳ ተገሽልጦ ስንት ወር አነከሰ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። የጀርመን ሕግም የልጅ እግር ጎማ ውስጥ እንዳይገባ መከለያ ያስገድዳል። መቀመጫ ስታዩ መጀመሪያ የእግር መከለያውን እዩ። የእግር ማሠሪያው ከጠፋ ትርፍ ዕቃው ጥቂት ዩሮ ነው፤ በገመድ አትሰሩት። ኮርቻችሁ ከሥሩ ስፕሪንግ ካለው ሸፍኑት ወይም ቀይሩት፤ ከኋላ ያለ ልጅ ጣቱን ይከትበታል። እሁድ ነጠላ ስትለብሱ ደግሞ ጫፉን ወገባችሁ ላይ እሰሩት። ዘርፉ ጎማ ውስጥ ከገባ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«እኔ በአንቀልባ አዝዬ ብነዳስ?» ያላችሁኝ አላችሁ። አይሆንም። ስትወድቁ ልጁ ከሥር ነው የሚሆነው፤ የጀርመን ሕግም ለልጁ የራሱን መቀመጫ ይጠይቃል።

የኋላ መቀመጫ ትልቁ ችግር ስትሄዱ አይደለም፤ ስትቆሙ ነው። ልጅ ከኋላ ሲወዛወዝ ባለ አንድ እግር መቆሚያ ሳይክሉን አይዘውም። እኔ ባለ ሁለት እግሩን በ38 ዩሮ አስገጠምኩ። እሱም ቢሆን እጄን አልለቅም። ቦርሳው መጀመሪያ፣ ልጅቷ መጨረሻ ትወጣለች። ስንደርስ ልጅቷ መጀመሪያ ትወርዳለች። በር እስክከፍት ብዬ እንኳ ላይ አልተዋትም።

ሄልሜት ያገለገለ አትግዙ። ወድቆ ከሆነ ውስጡ የተሰነጠቀው አይታይም። አዲስ፣ ኢኤን 1078 የሚል፣ ከ25 እስከ 40 ዩሮ ይገኛል። የእኛ ልጆች ፀጉር ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሹሩባው ወፍራም ከሆነ ወይም አናቷ ላይ ከታሰረ ሄልሜቱ ከፍ ይልና ግንባሯ ይገለጣል። እኔ የልጄን ወደ ታች ቀጭን አድርጌ እሠራታለሁ። ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ከቀረ ልክ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። መቀመጫ 129፣ ትርፍ ማሠሪያ 30፣ መቆሚያ 38፣ ሄልሜት 30። ድምር 227 ዩሮ። ከሁለት ዓመት በላይ የምንጠቀምበት ነው። ለተጎታቹ 195 አውጥቼ የነዳሁት ጥቂት ሳምንት ነው።

ባሕር ዳር ያላችሁ እህቶቼ፣ መቀመጫው አምስት ኪሎ ስለማይሞላ በሰው ሻንጣ ይላካል። ግን ሳትለኩ አታሳዝዙኝ። ብዙዎቹ ማሠሪያዎች የሚይዙት ከ28 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ብረት ነው። ከኮርቻው የሚወርደውን ብረት በክር ዙሩትና ክሩን በማስመሪያ ለኩት። ከ8.8 እስከ 12.6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይገባል። ብረቱ ክብ ካልሆነ ወይም ዝገት ከበላው ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ አይቼ ነው የምገዛላችሁ።